ጋሽ ሽበሺና ኖራ የተረጨበት ጎደሬ

ምሥራቅ ክፍለ ከተማ፣ ከወፍጮ ቤቱ ጀርባ በሚያልፈው ኮረኮንች መንገድ ላይ ጋሽ ሽበሺን የማያውቅ ሰው ካለ፣ ወይ ትናንት የገባ ተከራይ ነው፣ ወይ ጆሮው አይሰማም። የእሱን ነገር ከዚህ አሳምሮ የሚያወራ ሰው በሐዋሳ የለም፤ አለሁ የሚል ካለ ወንበሩን ይዞ ይምጣ። ራሱ ጋሽ ሽበሺ እንኳ እንዲህ አይሆንለትም። እሱ ሲያወራው ሁሉም ነገር በእሱ ብልሃት የተደረገ ይሆናል። እዚህ የሚወራው ግን የሆነው ነው። ቅመም ቢኖርበት ትንሽ ነው።

ሰውየው ዕድሜውን የጨረሰው ሐይቁ ዳር ባለ አንድ ሆቴል ውስጥ ነው። ሥራህ ምን ነበር ሲባል «አትክልተኛ» ይላል። ዘበኛ ነበር። በር ላይ ቆሞ፣ መኪና ሲመጣ ሰንሰለት የሚያወርድ ዘበኛ። እርግጥ አትክልተኛው ወባ ሲይዘው የውሃውን ጎማ ተቀብሎ ሣሩን ያጠጣ ነበር፤ በዚያ ዘመን ደግሞ ሐይቁ ዳር የሚሠራ ሰው ወባ ቶሎ ቶሎ ይጎበኘዋል። ስለዚህ ውሸት ነው ተብሎ በደፈናው አይጣልም። «ዘበኛ» የምትለዋን ቃል ሚስቱ ሽታዬ እንኳ በጣም ሲመራት ብቻ ነው የምታወጣት። ያን ቀን ጋሽ ሽበሺ ምሳ አይቀምስም።

ጡረታ ከወጣ ወዲህ ሥራው በየጠዋቱ ሰፈሩን እየዞረ ተክል መጎብኘት ሆነ። ሐዋሳ ደግሞ ለዚህ ምን ይወጣላታል? የመጥረጊያ እጀታ መሬት ላይ ሰክተህ ብትረሳ ቅጠል አውጥቶ ይጠብቅሃል። ቡገንቪላው ከአጥር ላይ ይንጠለጠላል፣ ፓፓያው ከቆርቆሮ ጣራ በላይ አንገቱን ያወጣል፣ ሙዙ መንገድ ላይ ተዘርግቶ የብስክሌተኛ ፊት ይጠርጋል። ያኔ ደግሞ ሚሌኒየሙ ሊገባ ነው፣ በየደጃችሁ ዛፍ ትከሉ እየተባለ ስለነበር፣ በዘይት ቆርቆሮ፣ በተሰነጠቀ ባልዲ፣ በአሮጌ የመኪና ጎማ ውስጥ ሳይቀር ያልተተከለ ነገር አልነበረም።

ጋሽ ሽበሺ ፊደል አልቆጠረም። ከሆቴሉም የአንድ አበባ ስም እንኳ ይዞ አልወጣም፤ ፈረንጆቹ ሲጠሩት የሰማውን ልድገመው ቢል ምላሱ አልታዘዝ አለው። ስለዚህ ራሱ ስም ያወጣል። ያቺን ቅጠሏ ሰፋፊ ሆኖ ቀዳዳ ቀዳዳ ያላትን ተክል «ብል የበላው» አላት። ባለቤቷ እውነት መስሏት ክረምቱን ሙሉ የተባይ መድኃኒት ስትነፋባት ከረመች፤ ቀዳዳው አልተደፈነም። ያን አንገቱ ረጅም፣ ቁንጮው ብርቱካናማ የሆነውን አበባ ደግሞ፣ ሰው ሁሉ ውበቱን ቆሞ የሚያየውን፣ «አባ ኮዳ» አለው። ሐይቁ ዳር፣ አሞራ ገደል በሚባለው ገበያ ዓሣ ሲታረድ አንጀት ሊለቅም በሚጎለተው በዚያ ራሰ በራ አሞራ ስም ማለት ነው። የአበባው ባለቤት ተቀይሞ ለወራት ሰላም አላለውም። ስሙ ግን ተለጠፈ። ዛሬ የሰውየው የገዛ ልጆች «አባ ኮዳውን ውሃ አጠጡት» ነው የሚባባሉት።

አንድ ስም ብቻ አልሸነፍ አለው። የገዛ ደጁ ላይ፣ ከበሩ አጠገብ የቆመው ትልቁ ዛፍ ነው። ከፋሲካ በኋላ ቅጠሉ ሳይታይ ቀይ አበባ ብቻ ሆኖ እንደ ጃንጥላ የሚዘረጋው። ይህን ዛፍ ሰፈሩም፣ ከተማውም፣ አገር ምድሩም የድሬዳዋ ዛፍ ይለዋል። ጋሽ ሽበሺ «የሐዋሳ ዛፍ» ነው የሚለው። ችግኙን ከሆቴሉ ጓሮ በኮቱ ሸሽጎ ያመጣው እሱ፣ የጠጣው የሐዋሳን ውሃ፣ ያበበው ሐዋሳ ላይ፤ ታዲያ ድሬዳዋ ምን ቤት ነች? ከሥሩ ተቀምጠው «ይሄ የድሬዳዋ ዛፍ ጥላው ደስ ሲል» ያሉ ሰዎችን ከጥላው አስነሥቷል። በቆሎ ትጠብስ የነበረች አንዲት ሴትዮ በዚሁ ምክንያት ምድጃዋን ተሸክማ ማዶ ተሻግራ፣ ፀሐይ እየጠበሳት ትጠብሳለች።

እናላችሁ፣ ጋሽ ሽበሺና ሽታዬ ያላቸው አንድ ልጅ ነው፤ ዕፀገነት። ስሙን ያወጡት የንስሐ አባታቸው ናቸው። እሱ «ዛፍ ስለምወድ እኔ ነኝ ያወጣሁላት» ይላል፤ ይበል። ልጅቱ ከከተማው ወጣ ብሎ ቱላ በሚባል ቦታ ታስተምራለች። ረጋ ያለች፣ አባቷ ሲያወራ አንገቷን ደፍታ ከንፈሯን ነክሳ የምትስቅ ልጅ ናት። ለእሷ ሁለት ጊዜ ሽማግሌ ተልኮ ነበር። የመጀመሪያዎቹ በማለዳ መጡ። ጋሽ ሽበሺ አንድ ፈረንጅ ሙዝ አላላጥ እንዴት እንዳስተማረ ጀመረላቸው፤ ከፈረንጁ ወደ ሐይቁ፣ ከሐይቁ ወደ ጉማሬው፣ ከጉማሬው ወደ ራሱ ጀግንነት ሲሻገር ምሳ ሰዓት አለፈ። ሽማግሌዎቹ የመጡበትን ሳይናገሩ አመስግነው ወጡ። ሁለተኛዎቹ ሲመጡ የልጁ ቤተሰብ ግቢ በቅንጭብ የታጠረ መሆኑን ሰማ። ቅንጭብ የሚያጥር ሰው የሚደብቀው ነገር አለው ብሎ ሊያስረዳቸው ተቀመጠ። የልጁ አጎት ከሽማግሌዎቹ መሀል ነበር።

እነዚያ ሁለቱ ቢቀሩ ዕፀገነት አልከፋትም። ሦስተኛው ግን ሔኖክ ነው። ለመንገድ ሥራ መጥቶ ሐዋሳን የወደደ፣ ዕፀገነትን ደግሞ ከሐዋሳም በላይ የወደደ፣ ትሁት ልጅ። ጉዱ የመጣው አገሩ ሲጠየቅ ነው። ልጁ የድሬዳዋ ልጅ ነው።

ጋሽ ሽበሺ ይህን የሰማ ቀን ተነሥቶ ወጣና ዛፉን ለረጅም ጊዜ አየው። ዛፉ እንደከዳው ሁሉ።

በዚህ ላይ ሌላ ነገር አለ። ሔኖክን ያሳደጉት አጎቱ አቶ ወልደጻድቅ፣ የድሮ የባቡር ሰው፣ እዚያው ድሬዳዋ ሥራ ፈልገውለታል። ሙሽራዋን ይዞ እንዲገባ ነው የሚፈልጉት። ሽታዬ ይህን ከሰማች ወዲህ ሽንኩርት ሳትይዝ እንባዋ ይፈሳል። አንዲት ልጇ እዚያ አገር ዳር! ዕፀገነትም ሔኖክን እሺ ብትል እናቷንና ተማሪዎቿን ልትተው፣ እምቢ ብትል ሔኖክን ልታጣ ነው። ልጁ አጎቱን እምቢ ለማለት አፍ የለውም። እንግዲህ ተስፋው ያለው ሽማግሌዎቹ ሲመጡ ነገሩን በለስላሳ አፍ መነጋገር ላይ ነው። ቤቱ ውስጥ ያለው አፍ ደግሞ የጋሽ ሽበሺ ነው።

ቀጠሮው እሑድ ረፋድ ላይ ሆነ። ጋሽ ሽበሺ ሳምንቱን ሙሉ ንግግር ሲያዘጋጅ ሰነበተ። ንግግሩ የሚጀምረው በዛፉ ስም ነው። አስቀድሞ ስሙ ይስተካከላል፣ ከዚያ ስለ ልጅ ይወራል። ሽታዬ ይህን ስትሰማ አንድ ዘዴ አሰበች። ከሽማግሌዎቹ በፊት በጠዋት ይውጣና ያውራ፣ እስኪደክመው፣ እስኪያልቅበት ድረስ ያውራ፤ ቤት ሲመለስ ባዶውን ይመለሳል። የሚሰማው ሰው ግን መገኘት አለበት። ሰፈሩ ሁሉ ሥራ አለብን አለ። እሺ ያለው ባለሱቁ ሙክታር ብቻ ነበር። ሙክታር ጋሽ ሽበሺን መጎንተል ይወዳል፤ ለእሱ ይህ እንደ ኳስ ጨዋታ ነው።

እሑድ ጠዋት ተነሡ። ጋሽ ሽበሺ የሆቴሉን ካኪ ኮት ለበሰ፤ ቁልፎቹ እንደ ወርቅ ተወልውለዋል። ከአጥር አጥር እየሄዱ ቡገንቪላው ጋ ሲደርሱ፣ እዚህ ሰፈር የመጀመሪያዋን ቁራጭ በባርኔጣው ውስጥ ያመጣት እሱ እንደሆነ ተናገረ። ቀይ ጽጌው አጥር ላይ ሕፃናት አበባውን እየነቀሉ ማሩን ሲመጥጡ አየና፣ ማሩ ያለው ከሥር እንጂ ከጫፍ እንዳልሆነ አስተማራቸው፤ ልጆቹ ከሥር ነበር የሚመጥጡት። ያ ቀንድ የመሰለ ራቁት ዛፍ፣ ነጭ አበባው መንገዱን ሁሉ የሚያውደው ጋ ሲደርሱ፣ አንድ ቅርንጫፍ ለአንድ ሚኒስትር ቆርጦ እንደሰጠ ጀመረና የሚኒስትሩን መኪና ቀለም ለመግለጽ ብቻ ሁለት አጥር አለፉ። ሙክታር እጁን ወደ ኋላ አድርጎ ዝም ብሎ ይሰማል። ተራውን እየጠበቀ ነው።

ተራው ወንዴው ፓፓያ ጋ መጣ። ያ ፓፓያ ዓመት ከዓመት በአበባ ተሸፍኖ ይውላል እንጂ ፍሬ አይቶ አያውቅም። ጋሽ ሽበሺ ይህን ዛፍ ምን ብሎ እንደሚጠራው ገና አልወሰነም ነበር።

ሙክታር ቀና ብሎ አየውና፣ «አበባው የጉድ ነው፣ ፍሬ የለ፤ ይሄንንማ በርስዎ ስም ቢጠሩት ነው የሚያምርበት ጋሽ ሽበሺ» አለው።

አጥር ላይ ልብስ ታሰጣ የነበረች ሴትዮ ሳቀች። ጋሽ ሽበሺ ጆሮው ቀላ። ከዚያ በኋላ ያለው ሁሉ የመጣው ከዚህች ሳቅ ነው። ሰው እንዲህ ከተሳቀበት በኋላ አንድ ትልቅ ነገር አሳይቶ ነው ወደ ቤቱ መግባት ያለበት።

ከዚያ ቀጥሎ ያለው ቤት የወይዘሮ ፅጌ ነው። ፅጌ ከአዲስ አበባ በቅርብ የመጣች ተከራይ ናት፤ በረንዳዋን በሸክላ ማሰሮ ሞልታ ተክል ደርድራበታለች። በመሀል አንድ ቅጠሉ ትልልቅ፣ አረንጓዴው ላይ ነጭ ነጠብጣብ ያለበት ተክል ቆሟል። ጋሽ ሽበሺ አይቶት አያውቅም። ደስ አለው። ስሙን ታውቅ እንደሆነ ጠየቃት፤ ለቤት ማሳመሪያ ከአበባ ሻጭ እንደገዛችው፣ ስሙን ግን እንደማታውቀው ነገረችው። ይህ ለእሱ ግብዣ ነው። ቅጠሉን ገለበጠ፣ ግንዱን ነካ፣ አሸተተ። ከዚያ ይህ ጎደሬ መሆኑን አስታወቀ። የቱላ ሴቶች ገበያ የሚያወርዱት፣ ተቀቅሎ የሚበላው ያገር ጎደሬ፤ ኖራ ቀቢ አጠገቡ ሲሠራ ተረጭቶበት ነው እንጂ ሌላ ምንም ልዩነት የለውም።

ሙክታር ጎደሬ ነው የሚባለውን እንደማያምን ተናገረ። ፅጌም ሻጩ ልጆች እንዳይነኩት ብሎ እንዳስጠነቀቃት አስታወሰች። ጋሽ ሽበሺ ሻጭ ሁሉ ዕቃው እንዲከበር እንዲህ እንደሚል፣ እሱ ሆቴል በነበረ ጊዜ ከዚህ የባሰ ስንቱን እንደቀመሰ ተረከላቸው።

ሙክታር «እንግዲያው ይቅመሱት» አለ።

ጋሽ ሽበሺ የግንዱን ጫፍ ቆረሰና አፉ ውስጥ ከተተው። አንዴ አኘከ። «ጎደ...» አለ።

ሌላው ፊደል አልወጣም። መጀመሪያ መርፌ የተሰካበት ጓንት ጉንጩ ውስጥ የገባ መሰለው። ቀጥሎ ምላሱ የራሱ ምላስ አልሆን አለ፤ የሌላ ሰው ምላስ፣ ያውም የበሬ፣ አፉ ውስጥ የተጋደመ መሰለው። ተፋው፤ መትፋቱ አልጠቀመም። ዓይኑ ፈጠጠ፣ እንባው ወረደ፣ እጁ እየተወራጨ የሚያሳየው ብዙ ነገር ነበር፤ ሙክታር ከዚህ በፊት ጋሽ ሽበሺን ያለ ድምፅ አይቶት ስለማያውቅ ከመሳቁ በፊት ደነገጠ። ፅጌ ሮጣ ቀዝቃዛ ወተት አመጣች። ደግፈው ማዶ ካለው ክሊኒክ አስገቡት። ነርሷ አፉን በባትሪ አይታ፣ ተክሉ መርዝ እንዳለው፣ ጉሮሮው ስላልተዘጋ ግን ዕድለኛ እንደሆነ ነገረቻቸው። መተንፈስ ካስቸገረው በሩጫ እንዲመልሱት፣ እስከዚያ አፉን በቀዝቃዛ ውሃ እየተጉመጠመጠ ወተት እንዲጠጣ፣ እብጠቱ እስኪወርድ ደግሞ እንዳይናገር አዘዘች።

ሙክታር ሽታዬ ፊት እንዴት እንደሚቀርብ ጭንቅ ይዞት ነበር። ሽታዬ በሩ ላይ ስታያቸው ነጠላዋን ጥላ ሮጠች። መጀመሪያ መተንፈሱን ጠየቀች። ይተነፍሳል አላት ሙክታር። ያመዋል ወይ አለች። ያመዋል። ዛሬ አይናገርም ወይ አለች። ዛሬ አይናገርም። ሽታዬ ወደ ሰማይ ቀና ብላ ሦስት ጊዜ አማተበች። ምን ብላ እንደጸለየች አልተሰማም፤ ጋሽ ሽበሺ ግን የገባው ስለመሰለው ፊቱን አዞረባት።

ሙክታርን ግን ጥፋቱ አላስቀምጥ አለው። ሄደ፤ ጥቂት ቆይቶ ከወፍጮ ቤቱ ጀርባ፣ ቆሻሻ ከሚደፋበት፣ አንድ እቅፍ ቅጠል ነቅሎ መጣ። ነጭ አበባው እንደ ጥሩምባ የሆነ፣ ፍሬው እሾህ የለበሰ አረም ነው። አስተናግር።

«ስሙ ራሱ ይናገር የለ እንዴ?» አለ ሙክታር። «አስተናግር። ምላስ ለታሰረበት ሰው ካልሆነ ለማን ነው የተፈጠረው?»

ጋሽ ሽበሺ ስም ከማውጣት በቀር ሥራ የሌለው ሰው ነውና፣ በስም ማመን ከማንም በላይ ይቀናዋል። እጁን ሰደደ። ሽታዬ ጮኸች። በአገሯ አንድ ሰው ፍሬውን ቢበላ ሁለት ቀን ሙሉ ለፍየሎች ፍርድ ሲሰጥ እንደዋለ፣ ከዚያ በኋላም ልቡ እንዳልተመለሰለት ነገረቻቸው። አስተናግር ማናገሩንስ ያናግራል፤ የሚያናግረው ግን ዕብደት ነው። ሙክታር እቅፉን ወደ ኋላ ሸሸገ። አንድ ቅርንጫፍ ግን ጋሽ ሽበሺ እጅ ውስጥ ቀርታለች። ያዘጋጀው ንግግር ሁሉ ደረቱ ውስጥ ይላወሳል፤ ሳምንት ሙሉ ያሰማመረው ንግግር። ለፍየል ቢሆንስ ምን አለበት?

ዕፀገነት ከጓዳ ብቅ አለች። መጥታ ከፊቱ ቁጢጥ አለች።

«አባዬ» አለችው፣ «ዛሬ አንድ ቀን ዝም ካልክልኝ አገባለሁ። ከተናገርክ እንደ እነዚያ ሁለቱ ይሄዳሉ። እበላለሁ ካልክ ብላው፤ እኔ እጅህን አልይዝም።»

ጋሽ ሽበሺ ቅርንጫፏን አየ። ልጁን አየ። ቅርንጫፏን በአጥሩ ላይ ወረወራት። ማንም ጀግና ነህ አላለውም፤ እሱ ግን ከጉማሬው ይልቅ ይህ ከብዶት ነበር።

ሽማግሌዎቹ ረፋዱ ላይ መጡ። ቤቱ ጠባብ ስለሆነ አግዳሚ ወንበሮቹ ደጅ፣ ዛፉ ሥር ነበር የተደረደሩት። ቀዩ አበባ መሬቱን አልብሶታል። ጋሽ ሽበሺ ካኪውን ለብሶ፣ ጉንጩ እንዳበጠ፣ ቀጥ ብሎ ቆሟል። ሽታዬ ጥርሱን አሞት ነው ልትል አፏን ከፈተች። ግን አቶ ወልደጻድቅ ቀደሟት። ባርኔጣቸውን አውልቀው ቀና አሉ።

«የድሬዳዋ ዛፍ» አሉ። «የኛው ዛፍ በራችሁ ላይ ቆሞ ሲቀበለን ከዚህ የበለጠ ምን ምልክት አለ?»

የጋሽ ሽበሺ አንገት ላይ አንድ የደም ሥር ተነሣ።

ሽማግሌዎቹ ጉዳያቸው መልስ ሳያገኝ አንቀመጥም ብለው እንደ ወጉ ቆሙ። አቶ ወልደጻድቅ ንግግር ጀመሩ። እዚህ ላይ ነው እንግዲህ የጋሽ ሽበሺ እውነተኛ ቅጣት የመጣው፤ ምክንያቱም ሰውየው ከእሱ የባሱ አውሪ ነበሩ። ከሔኖክ ልጅነት ተነሥተው ወደ ባቡሩ፣ ከባቡሩ ወደ ጣቢያው ሰዓት፣ ከሰዓቱ ከዚራ ወደሚባለው የድሬዳዋ ሰፈር ጥላ ተሻገሩ። የዚህ ዛፍ ዘር ከከዚራ ወጥቶ ነው አገር ምድሩን የሞላው አሉ። ሌላ ቦታ ይበቅላል እንጂ እንደ ድሬዳዋ አያብብም አሉ። ይሄኛውም ደህና ነው፣ ግን ትንሽ ቀይነቱ ይቀረዋል አሉ።

ጋሽ ሽበሺ ላብ አጠመቀው። በሕይወቱ ሌላ ሰው ይህን ያህል ሲያወራ ሰምቶ አያውቅም። የቀድሞዎቹ ሽማግሌዎች፣ ሙክታር፣ ሽታዬ፣ የሆቴሉ እንግዶች ሁሉ አንድ ባንድ በዓይኑ መጡበት። ጥቂት አዘነላቸው። ብዙም አይደለም። ሽማግሌዎቹ ግን በመደነቅ ያዩታል። ይህ ሰው አንድ ቃል ሳይተነፍስ፣ ወንበር ላይ እንኳ ሳይቀመጥ የሚሰማ ሰው! አንደኛው ለሌላው፣ እንዲህ ያለ ጨዋ አባት ያሳደጋትን ልጅ ሳናገኝ መሄድ የለብንም ሲለው ተሰማ።

ወዲያው አቶ ወልደጻድቅ ወደ ዋናው ነገር ገቡ። ልጅቱን ለልጃቸው ጠየቁ፤ ቤቱም ሥራውም ድሬዳዋ ተዘጋጅቷል፣ እዚያው ይገባሉ አሉ። ወደ ቤት የገባችው ሽታዬ በመስኮቱ መጋረጃ ጀርባ አፏን በነጠላዋ አፈነች። ከዚያ አቶ ወልደጻድቅ የዛፉን ግንድ መታ መታ አድርገው፣ «መቼም የኛን ዛፍ የወደዳችሁ፣ የኛን አገር አትጠሉም» ብለው ጨረሱ።

ይህ ከልክ ያለፈ ነበር። ጋሽ ሽበሺ ተንደርድሮ መጣና ግንዱን በመዳፉ ጠፍ አደረገው። ከዚያ በእግሩ መሬቱን መታ። እንደገና ግንዱን፣ እንደገና መሬቱን። ጎንበስ ብሎ ሥሩን አሳየ፣ አንድ እፍኝ አፈር አንሥቶ ፊታቸው ዘረጋ፣ ጣቱን ወደ ምሥራቅ ቀስሮ በእምቢታ ወዘወዘው። ይህ ሁሉ ሲተረጎም፣ ዛፉ የሐዋሳ ነው፣ ድሬዳዋ ምን ቤት ነች ማለት ነው። ሳምንት ሙሉ የተዘጋጀው ንግግር በሙሉ እሱ ነበር፤ ያለ ድምፅ።

ሽማግሌዎቹ ተያዩ። ራቅ ብለው ራስ ለራስ ተነጋገሩ። ዕፀገነት በሩ መቃን ላይ ቆማ ማስጫ የታጣለት እርጥብ ልብስ መስላለች። ሙክታር ከአጥሩ ማዶ ሆኖ፣ ያ አስተናግር ቢሰጠው ይሻል ነበር እያለ ነው።

አቶ ወልደጻድቅ ተመለሱ። ፊታቸው ተለውጧል።

«ገባን» አሉ። «እኔ ይህን ሁሉ ስለፈልፍ ጨዋው ሰው አንድ ቃል ሳያወጡ ጨረሱት። ዛፉ ዘሩ የድሬዳዋ ይሁን፣ ሥሩ ግን እዚህ ነው፣ አይነቀልም ነው የሚሉን። ልጃችሁም እንዲሁ ነው ይሉናል። ከኛ ዘንድ የመጣ ይሁን፣ እዚህ ይተከል፤ ልጄን ከአፈሯ አትንቀሉብኝ።»

ድሬዳዋ የፈለጉለትን ሥራ የሰጣቸውን ሰው ይቅርታ ጠይቀው እንደሚመልሱት፣ ልጁም እዚሁ እንደሚቀር ተናገሩ። የቀረው የጋሽ ሽበሺ እሺታ ብቻ ነው። «ዛፉ ከኛ ነው፣ የሚኖረው ከእርስዎ ጋር ነው። በዚህ ከተስማማን ተቀመጡ ይበሉን።»

ጋሽ ሽበሺ እጁን አነሣ። እምቢ ሊል ነበር፤ ልጁን አይደለም፣ «ዛፉ ከኛ ነው» የምትለዋን። እሱን ከተቀበለ ለዘላለም የድሬዳዋ ዛፍ ሆነ ማለት ነው፤ በሽማግሌ ፊት፣ በገዛ ደጁ። ዘወር አለ። ዕፀገነት እያየችው ነው። አትስቅም፣ አታለቅስም፣ ትጠብቃለች። ከመጋረጃው ጀርባ የሽታዬ አንድ ዓይን ይታያል።

አንሥቶት የነበረውን እጁን ቀስ አድርጎ ወደ ወንበሮቹ አወረደው። ተቀመጡ።

ሽማግሌዎቹ ተቀመጡ። ሽታዬ ከውስጥ እልል ስትል መጋረጃው አብሯት ወረደ።

የጋሽ ሽበሺ ምላስ በማግስቱ ከሰዓት በኋላ ተፈታ። የመጀመሪያ ቃሉ ምን ይሆን ብለው ሽታዬና ዕፀገነት አጠገቡ ተቀምጠው ነበር። «ቀይነቱ ምንም አይቀረውም» አለ። ከዚያ አላቆመም። ሳምንት ሳይሞላ፣ ኖራ የተረጨበትን ጎደሬ አውቆ እንደበላው፣ ነገሩ በምልክት ካልሆነ በቃል እንደማይፈታ አስቀድሞ እንደተረዳው፣ ይህንም ከአንድ የሆቴል እንግዳ እንደተማረ ሰፈሩ ሁሉ ሰማ። ሠርጉ ላይ አቶ ወልደጻድቅ ለዘመዶቻቸው፣ አማቻችን የሚናገሩት ሲያስፈልግ ብቻ ነው ብለው እያስተዋወቁት ሳለ ማይክራፎኑን ተቀበለ። ኬኩ የተቆረሰው ሰው ሄዶ ካለቀ በኋላ ነው።

ዛፉን በተመለከተ ሙክታር አልተወውም። ሔኖክና ዕፀገነት ሁለት አጥር አልፈው ቤት ከተከራዩ በኋላ፣ አንድ ጠዋት ዛፉ ሥር ቆሞ እንግዲህ ይሄ የየት ዛፍ ነው ሲል ጠየቀው። ጋሽ ሽበሺ ግራ ቀኝ አየ። ሔኖክ በብስክሌት ወደ ሥራው እያለፈ ነበር፤ ሰላም ብሎ አለፈ።

«አማቼ ነው» አለ ጋሽ ሽበሺ።

ስሙ ተለጠፈ። ዛሬ ያቺ በቆሎ ጠባሿ ተመልሳ አማቼ ሥር ትጠብሳለች።

የወይዘሮ ፅጌ ማሰሮ ግን ብዙ ጊዜ አልቆየም። ባል ያላቸው የሰፈሩ ሴቶች አንድ አንድ ቁራጭ ለዘር ስጪን እያሉ ጨረሱት። አብልተውም አይደለም፤ ማንም አልበላም፤ በረንዳ ላይ መቆሙ ብቻ ይበቃል ነው የሚሉት። ሽታዬም አንዱን ቁራጭ በዘይት ቆርቆሮ ተክላ መስኮቱ ላይ አስቀምጣለች። ጋሽ ሽበሺ እንግዳ ተቀብሎ፣ ከፈረንጁ ወደ ሐይቁ፣ ከሐይቁ ወደ ጉማሬው ሲሻገር፣ ምንም አትለውም። ብቻ ተነሥታ በጣሳ ውሃ ትቀዳና፣ ቆርቆሮዋን ቀስ እያለች ማጠጣት ትጀምራለች።